መርፌ ተወግቶም ኪሎው ሲቆም

ብረት የሚያነሳ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚቆምበት ኪሎ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ባሉት ስፖርት ቤቶች አብዛኛው ወጣት የሚቆመው ቤንች ላይ ነው፤ አንዱ 80 ላይ፣ ሌላው 100 ላይ። ሰኞ አንድ ጊዜ ይገፋዋል፣ ሐሙስም አንድ ጊዜ፣ ወር ቆይቶም ያው አንድ ጊዜ። መስታወት ፊት ሲቆም ክንዱ ወፍሯል፣ ሸሚዙ ጠቦታል፣ ባሩ ግን ከዚያች ኪሎ አልፎ አይነሳለትም። አሰልጣኝ ልጁን ከምንጊዜውም በላይ መከታተል ያለበት ያኔ ነው። መርፌው የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነውና።

መርፌ የምለው ቴስቶስትሮንን ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የሚያመጣውም ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሠራ ጓደኛ ነው። ሐኪም ደሙን መርምሮ እጥረት አግኝቶበት ያዘዘለት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፣ እሱን እዚህ አላነሳም። የማወራው ደህና ሆርሞን እያለው ኪሎው ስለቆመ ብቻ ስለሚወጋው የሃያዎቹ ዕድሜ ልጅ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙ ያስተማሩኝ ደግሞ መርፌውን እየተወጉም እንደገና የቆሙት ናቸው። የጎደላቸው ሆርሞን ቢሆን ኖሮ ተሞልቶላቸዋል፤ ከሚገባው በላይ ተሞልቶላቸዋል። ተሞልቶም ባሩ ካልተነሳ ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ያ ጉድለት መርፌው ከመምጣቱ በፊትም እዚያው ነበር፤ ማንም አልፈለገውም እንጂ።

መድኃኒቱ አይሠራም ብዬ ለልጅ አልዋሽም። ይሠራል። በ1996 እ.ኤ.አ. ሻሌንደር ባሲን የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት 43 ጤነኛ ወንዶች በ4 ቡድን ተከፍለው ለ10 ሳምንት ታይተዋል። ቴስቶስትሮን ተወግተው ምንም ያልሠሩት ቤንች ላይ በአማካይ 9 ኪሎ ጨመሩ፤ ተወግተው የሠሩት 22 ኪሎ። ስኳት ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 16፣ ሁለተኛዎቹ 38 ኪሎ። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ጆሯቸው የሚይዘው 9ኙን ነው፤ “ሳይሠራ?” ይላሉ። እኔ በ9 እና በ22 መካከል ያለችውን 13 ኪሎ አሳያቸዋለሁ። እሷን ያመጣት ሥራ ነው፤ ያውም እየተለካ የተሠራ ሥራ፣ ምግቡም በቁጥጥር የተበላ። ደግሞም ጥናቱ በ10 ሳምንት አልቋል። የእኛ ልጆች የሚቆሙት ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ነው።

ቴስቶስትሮን ጡንቻ ብዙ ፕሮቲን እንዲገነባ ያዛል፤ ጡንቻውም ይወፍራል። ጉልበት ግን ውፍረት ብቻ አይደለም። አንጎል በአንድ ጊዜ ስንት የጡንቻ ክር እንደሚቀሰቅስ፣ ክርንና ትከሻ በየት በኩል እንደሚሄዱ፣ እግር መሬቱን ምን ያህል እንደያዘ፣ ይህ ሁሉ በልምምድ የሚገባ እውቀት ነው። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልኩ ሳይለወጥ ኪሎው የሚጨምረው ለዚህ ነው።

አንድ ልጅ ነበር፤ ቀን ሕንጻ ላይ ፌሮ ሲያስር ይውላል፣ ማታ ብረት ያነሳል። ቤንቹ 100 ላይ ከቆመ ቆይቷል፣ መርፌ ከጀመረም ሰንብቷል። “ኮች፣ መጠኑን ልጨምር ወይስ ሌላ ነገር ልቀላቅልበት?” ብሎ ጠየቀኝ። “መጀመሪያ ግፋና ልይህ” አልኩት። ጓደኛው ከአግዳሚው ራስጌ ቆሞ ሁለት ሁለት ጣቶቹን ከባሩ ሥር አስገባ። ባሩ ደረት ነክቶ ሲመለስ “ያንተ ነው! ያንተ ነው! አንድ ብቻ!” እያለ ይጮኻል፤ የጣቶቹ ጫፍ ግን ደም እንደራቀው ነጭ ሆኗል። ባዶ የያዘ ጣት አይነጣም። ልጁ ሲገፋ ቀኝ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ይንሸራተታል፣ ክርኖቹ እንደ ክንፍ ወደ ጎን ይከፈታሉ፣ ባሩ ወደ ግራ ይዘማል።

ጓደኛውን ዞር እንዲልልኝ ለምኜ ባሩን 85 ላይ አደረግሁት፤ ሁለቱን የደህንነት ብረቶችም ከደረቱ ትይዩ አስተካከልኩ። ባሩን ደረቱ ላይ አሳርፎ፣ አንድ ሰከንድ ዝም አሰኝቶ እንዲገፋ አዘዝኩት። ሦስተኛው ላይ ቀረ። እውነተኛው ቤንቹ ያ ነበር፤ 100 ኪሎው የሁለት ሰው ነበር። ልጁ አፍሮ ነበር፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። ኪሎው ከየት እንደሚነሳ ያላወቅነው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ልናውቅ አንችልም።

ባሩ ወደ ግራ የሚዘመው ደግሞ በልጁ ጥፋት ብቻ አልነበረም። በየሰፈሩ ስፖርት ቤት ያሉት ብረቶች ግማሹ ከውጭ የገባ፣ ግማሹ እዚሁ የተቆረጠ ነው። 20 የሚል የተጻፈባቸውን አንድ በአንድ እህል መሸጫ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡ ከ18 ጀምሮ ታገኛላችሁ። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን የሚያነሳ ልጅ “ጨመርኩ፣ ቀነስኩ” የሚለው የብረቱን ልዩነት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን መዝኖ ትክክለኛውን ኪሎ በቀለም መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ያንን ያልሠራ አሰልጣኝ ስለ መቆም ባያወራ ይሻለዋል።

ከዚህ የሚብስ ችግር የትንሽ ብረት አለመኖር ነው። ቤቱ ያለው ትንሹ ብረት 5 ኪሎ ከሆነ፣ ግራና ቀኝ ሲገባ ዝላዩ 10 ኪሎ ነው። 80 ለሚገፋ ልጅ ይህ ከመቶ 12 ተኩል ማለት ነው፤ በአንድ ሳምንት እንዲህ የሚጨምር ጡንቻ የለም፣ በመርፌም የለም። መፍትሔው ብየዳ ቤት ይገኛል። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ስፋቱ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ አስቆርጣችሁ፣ ለቀጭኑ ባር መሃሉን በ3 ሳንቲ ሜትር ብታስበሱት 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለት እንዲህ ያሉ ክቦች ዝላዩን ከ10 ወደ 2 ኪሎ ያወርዱታል። ከማውቃቸው የመቆም መድኃኒቶች ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ ከአንድ መርፌ ዋጋ ጋር ለማነጻጸርም አይበቃም።

ጭነትን በጥቂት በጥቂቱ መጨመር አዲስ ግኝት አይደለም። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ ወታደራዊ ሐኪም የቆሰሉ ወታደሮችን ጉልበት የመለሰው በዚህ መንገድ ነው። ቴስቶስትሮን በቤተ ሙከራ ከተሠራ በዚያን ጊዜ አሥር ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ቡተናንትና ሩዚችካ የተባሉ ኬሚስቶች በ1935 ሠርተውት በ1939 ኖቤል ተሸልመዋል። ዴሎርም ግን ለቆሰለ ጉልበት የጨመረው ብረት ነበር።

ለፌሮ ሠራተኛው ያወጣሁለት ፕሮግራም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። በሳምንት ሁለት ቀን ቤንች፤ አንዱ ቀን ከበድ ብሎ በሦስት በሦስት ድግግሞሽ፣ ሌላው ቀለል ብሎ ደረት ላይ እያረፈ። እያንዳንዱ ዙር አንድ ወይም ሁለት ድግግሞሽ አቅም ተርፎት እንዲያልቅ፤ እስኪወድቅ መግፋት የለም። በየአራተኛው ሳምንት ሥራው በግማሽ ይቀንሳል። ለወጣት ከባዱ ይህ ነው። ከ100 ወደ 80 ወርዶ ሰው ፊት መሥራት ውርደት ይመስለዋል፤ ድካሙ የሚወርድለትና ጉልበቱ የሚገለጥለት ግን ያኔ ነው።

የቀን ውሎውን የሚጽፍበትን ደብተር ሳይ ሌላም ነገር ወጣ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ይነሳል፣ ከአየር ጤና ወዲያ ያለው ሥራ ቦታ ለመድረስ ታክሲ ይሰለፋል፣ ቀኑን ሙሉ ፌሮ ይሸከማል፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይተኛል። አምስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ማለት ነው። ትከሻው ቀን የሚሠራው ሥራ እኔ ማታ ከማዘው ይበልጣል። ስለዚህ የማታውን ቀነስኩለት እንጂ አልጨመርኩበትም።

ምግብ ላይ የእኛ ሰፈር የራሱ ጉዳይ አለው። ኮልፌ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ቅርብ ለቅርብ ነው፤ ሁዳዴ 55 ቀን ይጾማል፣ ረመዳንም አንድ ወር። ጾም አስፈትቼ ላሠለጥን አልፈልግም፣ አስፈላጊም አይደለም። ብረት ለሚያነሳ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 1.6 ግራም ፕሮቲን በቂ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 110 ግራም ገደማ ይሆናል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25፣ ሽምብራ 20፣ አኩሪ አተር 36 ግራም አካባቢ አለው። ችግሩ ቀጭን ሽሮ በብዙ እንጀራ በልቶ “በላሁ” ማለት ነው። ሽሮው ይወፍር፣ ምስሩ ከጎኑ ይጨመር፣ ቆሎው ውስጥ ሽምብራና አኩሪ አተር ይግባበት። ከባዱን ዙር ከፋሲካ ወይም ከኢድ በኋላ አድርጎ በጾሙ ወራት ያለውን ኪሎ መጠበቅም ጥሩ ዕቅድ ነው። በጾም ወቅት ኪሎው አለመጨመሩ መቆም አይባልም። ብዙ ልጅ ግን የመጀመሪያ መርፌውን የሚወጋው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይታይ መጠን ቢጨመር ምን ይሆናል? ጡንቻ በወራት ይወፍራል፣ ጅማት ግን ቀርፋፋ ነው፤ እኩል አይከተለውም። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ስቴሮይድ ከወሰዱ 88 ልምድ ያላቸው ብረት አንሺዎች ከመቶ 22ቱ ጅማት ተበጥሶባቸው ያውቃል፤ ካልወሰዱት 54 ሰዎች ግን ከመቶ 6ቱ ብቻ። ልብም አለ። በ2017 በተመሳሳይ ሰዎች ላይ በተሠራ ምርመራ የግራው ልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት የሚረጨው በወሰዱት 52፣ ባልወሰዱት 63 ከመቶ ነበር።

ስለ ደም ሳስብ ሁልጊዜ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ይወፍራል ይባላል፤ የአንዲስ ተራራ ሰዎች እንዲያ ናቸው። ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪ በ2002 ያሳተመችው ጥናት ግን ሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ወንዶች ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9 ግራም በዴሲ ሊትር መሆኑን አሳይቷል፤ በባሕር ጠለል ካሉት ሰዎች እምብዛም አይርቅም። የደጋ ሰው ደሙ ሳይወፍር አየሩን ችሎ ይኖራል። ቴስቶስትሮን መቅኒውን ቀይ ሴል አምርት እያለ የሚያዝ ስለሆነ ይህንን ጸጋ ያፈርሳል። ሐኪሞች ቴስቶስትሮን ያዘዙለት ሰው ሄማቶክሪቱ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ የቀይ ሴል ድርሻ፣ 54 ከመቶ ካለፈ መድኃኒቱን ያቆማሉ። ይህን ለማወቅ ሲቢሲ የሚባለው ተራ የደም ምርመራ ይበቃል፤ የሚወጋ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመርምሮ አያውቅም።

ልጅ መውለድ ለሚያስብ ደግሞ ይህን እነግራለሁ። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩን የወንድ የወሊድ መከላከያ አድርጎ ሞክሮታል፤ በ1990 በወጣው ውጤት በየሳምንቱ ከተወጉት 271 ወንዶች 157ቱ ዘራቸው ፈጽሞ ጠፍቷል። ሲቆም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ ግን ወራት ይፈጃል፤ ከዓመት የሚያልፍበትም አለ። ይህን ሲሰሙ ዝም የሚሉ አሉ፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ የሚሄዱም አሉ። መወዳደር ለሚፈልግማ ቴስቶስትሮን ከውድድር ውጭም ክልክል ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ የማራቶን ሯጫችን በዶፒንግ የ3 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ለማቆም የወሰነ ልጅ ብቻውን እንዲያደርገው አልፈቅድም። ምን እንደወሰደ፣ ለስንት ጊዜ እንደወሰደ ሳይደብቅ ለሆርሞን ሐኪም ይንገር፤ የደም፣ የሆርሞንና የልብ ምርመራውን ያድርግ። ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት እስኪጀምር ድረስ የሚመጣው ድብታ እውነተኛ ነው። እንቅልፍ ይዛባል፣ ስሜት ይወርዳል፣ ሚስት ወይም እናት “ምን ነካው?” ይላሉ። ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። ነገሩ ከከበደና መኖር ካስጠላው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ብረቱን ግን ማቆም የለበትም። በዚያ ወቅት የዙሩን ብዛት ወደ ግማሽ አወርዳለሁ፣ ባሩ ላይ ያለውን ኪሎ ግን ብዙም አልነካም፤ ያለውን ጉልበት የሚይዘው እሱ ነውና። ፌሮ ሠራተኛው በሐኪም ክትትል መርፌውን ካቆመ በኋላ ኪሎው ትንሽ ወርዶበት ነበር። ከዚያ በእነዚያ የላሜራ ክቦች ሁለት ሁለት ኪሎ እየጨመረ ተመለሰ። አሁን 96 ኪሎ ደረቱ ላይ አሳርፎ ይገፋል፤ የሚያግዘው ጣት የለም። ቀጣዩ 98 ነው፤ ሚያዝያ ላይ እንሞክረዋለን።