ወርቅ የተቀባ ገመድ ምስል ያጠራል?

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ መሸጫዎች ወደ አንዱ ገብታችሁ «የቲቪ ገመድ» ብትሉ ሁለት ዓይነት ይወጣላችኋል። አንደኛው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ኤቪ ነው፤ ሌላኛው ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነው ኤችዲኤምአይ። ምክሩም አብሮ ይመጣል፦ «ኤችዲኤምአዩን ውሰድ፣ ዲጂታል ስለሆነ ምስሉን ያጠራዋል። ወርቅ የተቀባው ደግሞ ይበልጣል።» ይቺ ምክር ግማሿ እውነት፣ ግማሿ ማስታወቂያ ናት። ገንዘብ የሚበላው ሁለተኛው ግማሽ ስለሆነ መለየቱ ይጠቅማል።

ከእውነቱ እንጀምር። በኤቪ ምስሉን የሚሸከመው ቢጫው ብቻ ነው፤ ቀይና ነጩ ለድምፅ ናቸው። በዚያች አንድ ሽቦ የምስሉ ብርሃንና ቀለሙ ተደራርበው ይጓዛሉ። ፓል በሚባለው ሥርዓት ቀለሙ የሚጫነው 4.43 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለ ሞገድ ላይ ነው፤ እዚያው አካባቢ ደግሞ የምስሉ ደቃቅ ዝርዝሮች አሉ። ቲቪው ሁለቱን መልሶ ለመለየት ቢታገልም ሙሉ በሙሉ አይሳካለትም። ዜና አንባቢው ጥቅጥቅ ያለ መስመር ያለው ሸሚዝ ሲለብስ ሸሚዙ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ነገር ሲንቀለቀል አይታችሁ ከሆነ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቲቪው የጨርቁን መስመር ቀለም መስሎት ነው!

ሌላው ልዩነት መጠን ነው። ሪሲቨሩ ከሳተላይት ኤችዲ ቻናል ቢቀበል እንኳ፣ በኤቪ ሲያወጣው ወደ 576 መስመር ያወርደዋል። 1920 በ1080 ስናባዛ 2,073,600 ነጥብ፣ 720 በ576 ደግሞ 414,720 ነጥብ እናገኛለን። ልክ አምስት እጥፍ። ስለዚህ ፍላት ቲቪና ኤችዲ ሪሲቨር እያላችሁ በቢጫው የምታዩ ከሆነ፣ ከአምስቱ አራቱን እጅ መንገድ ላይ እየጣላችሁት ነው። ሻጩ እዚህ ላይ ልክ ነው።

የወርቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ወርቅ አይዝግም፤ የጫፉን ንክኪ ለረጅም ጊዜ ንጹሕ ያቆየዋል፤ በቃ። በኤችዲኤምአይ የሚያልፈው ቁጥር ነው፣ ዜሮና አንድ። በርካሹ የሁለት ሜትር ገመድ ቁጥሩ ሳይሳሳት ከደረሰ፣ በውዱ ገመድ የሚደርሰውም ያው ቁጥር ነው። ቀይ የበለጠ ቀይ፣ ሣሩም የበለጠ አረንጓዴ አይሆንም። ዝናብ ሲመጣ ምስሉ እንደ ካሬ ድንጋይ ተቆራርጦ የሚቆመውንም ውድ ገመድ አያድነውም፤ ያ ችግር የተፈጠረው ከሳተላይቱ እስከ ሪሲቨሩ ባለው መንገድ፣ በዲሹ አቅጣጫ ወይም በኤልኤንቢው ዘንድ ነው። ኤችዲኤምአይ የተሰበረውን ምስል እንደተሰበረ በታማኝነት ያደርሳል።

የገመድ ጥራት እውነትም የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፤ ኳስ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት። ዲኮደሩ ባንኮኒው ጋ፣ ስክሪኑ ሌላኛው ጥግ፣ በመሃል 15 ወይም 20 ሜትር ገመድ። ሙሉ ኤችዲ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሲላክ በገመዱ ወደ 4.5 ቢሊዮን ቢት ያልፋል፤ በቀጭን መዳብ ይህን ያህል ርቀት ሲሄድ ይዳከማል። መጀመሪያ ነጫጭ ነጥቦች ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ቀጥሎ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ያውም ጎል ሊገባ ሲል። ኤቪ በዚህ ርቀት ቢደበዝዝም ምስሉን አያጠፋውም። የአናሎግ ጠባይ ነው፤ ቀስ እያለ ይደክማል እንጂ በአንዴ አይወድቅም።

ሻጩ የማይነግራችሁ ደግሞ አለ። ብዙ ቤት የመሬት መስመር የለውም። ባለሁለት እግር ሪሲቨር ሲሰካ ከ220 ቮልቱ ትንሽ ፍሳሽ ወደ ብረት አካሉ ትደርሳለች፤ የዲሹን ገመድ ጫፍ ስትነኩ ነዘር የምታደርጋችሁ እሷ ናት። (ጠንከር ካለች ገመድ ማማረጡን ትታችሁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።) ሁለቱም ዕቃ እየሠራ ኤችዲኤምአይ ስትሰኩ ይቺው ፍሳሽ በ19ኙ ቀጫጭን እግሮች በኩል የቲቪውን ቺፕ ልትጎዳው ትችላለች። ቺፑ ያለው ብዙ ጊዜ ዋናው ቦርድ ላይ ስለሆነ ጥገናው ከገመዱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ኤቪም ነፃ አይደለም፤ ግን ወረዳው ቀለል ያለ ስለሆነ ብዙ ይችላል። መፍትሔው ነፃ ነው፦ ሪሲቨሩንም ቲቪውንም ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ ገመዱን ሰክታችሁ አብሩ። ይሄ በገመዱ ማሸጊያ ላይ «ፎርኬ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ በትልቁ ቢጻፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ቤታችሁ ያለው ጀርባው ረጅም የሆነው የድሮ ቲቪ ከሆነ ኤቪ ይበቃዋል፤ መቀየሪያ መግዛት ምስሉን አይጨምርለትም። ፍላት ከሆነ፣ ከርካሾቹ መሃል ጫፉ የማይላላ አጭር ኤችዲኤምአይ ምረጡ። ሰክታችሁትም ለውጥ ካላያችሁ ገመዱን ልትመልሱ ከመሮጣችሁ በፊት የሪሲቨሩን ሜኑ ክፈቱ። የምስሉ መጠን አሁንም 576 ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።