ለ«ዲፋይን ፕሮፐርቲ» ምስጋና

ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 የፈጠረው ጃቫስክሪፕት ኦብጀክቶቹን ለመጣ ሁሉ ክፍት ያደረገ ቋንቋ ነበር። ማንኛውም ኮድ ያሻውን ንብረት ይጨምራል፣ ይለውጣል፣ ይሰርዛል። ልቅነቱ ለጀማሪ ይመቻል፤ ብዙ እጅ የነካው ፕሮግራም ላይ ግን ያስጨንቃል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አምስተኛው የኤክማስክሪፕት (የጃቫስክሪፕት መስፈርት) እትም «ኦብጀክት ዶት ዲፋይን ፕሮፐርቲ»ን ይዞ መጣ። በእሱ ንብረት ሲፈጠር ደንቡን የሚያወጡ ምልክቶች አብረው ይሰጣሉ፦ «ራይተብል» ዋጋው ይቀየር እንደሆነ፣ «ኮንፊገረብል» ንብረቱ ይሰረዝ ወይም ደንቡ ራሱ ይሻሻል እንደሆነ ይወስናሉ። በተራ የእኩል ምልክት የተፈጠረ ንብረት ሁሉም ይፈቀድለታል፤ በዲፋይን ፕሮፐርቲ የተፈጠረ አዲስ ንብረት ግን ጸሐፊው ካልፈቀደ በቀር ሁሉም የተከለከለ ነው። ጥንቃቄው ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ሦስተኛውን ምልክት፣ ንብረቱ በሉፕ ይቆጠር እንደሆነ የሚወስነውን «ኢኒዩመረብል»ን ነው። ቀድሞ በኦብጀክት ፕሮቶታይፕ ላይ አንዲት ሜተድ የጨመረ ሰው በገጹ ያለውን የፎር-ኢን ሉፕ ሁሉ ይበክል ነበር። እያንዳንዱ ሉፕ ያን እንግዳ ስም አብሮ ይቆጥራል፤ ፕሮግራመሩም በ«ሃዝ ኦውን ፕሮፐርቲ» ሲያጣራ ይውላል። ዛሬ ኢኒዩመረብል ከተከለከለ ሜተዷ አለች፣ ትሠራለች፣ በሉፕ ግን አትታይም።

ጌተርና ሴተርም በዚሁ በኩል ይገባሉ። ቩ የተባለው የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ በሁለተኛ እትሙ (ቩ 2) የዳታ ለውጥን ተከታትሎ ገጹን የሚያድሰው በእነሱ ነበር፤ ቩ 3 ወደ ፕሮክሲ ቢሻገርም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፦ በተቆለፈ ንብረት ላይ ለመጻፍ ሲሞከር፣ ስትሪክት ሞድ ካልበራ ሙከራው በዝምታ ይታለፋል። ስለዚህ እኔ ዲፋይን ፕሮፐርቲንና ስትሪክት ሞድን አልነጣጥልም፤ ሞዱ በርቶ ታይፕ ኤረር ሲጮህ ጥፋቱ ያለበት መስመር ወዲያው ይታወቃል።