ጉራማይሌ ስድብ ነው ወይ?
(ስለ «ጂጂ» አልበም አጭር ሂስ)

የእጅጋየሁ ሽባባው «ጂጂ» የተሰኘው አልበም እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣ እነሆ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ክርክሩ ግን አላረጀም። በግቢያችን ሁለት የጂጂ ወዳጆች ከተገናኙ አንዱ «ከሥራዎቿ ሁሉ ቁንጮው ይኸ ነው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ተወኝ! ፈረንጅ ድምፅዋን አበላሸባት እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ይወዷታል። የማይወዳት ሰውማ ስለ እርሷ ምን አደከመው!

በመጀመሪያ የነቃፊዎቹን ቃል ሳናዛባ እናስቀምጥ። ድምፃዊቷ የቻግኒ ልጅ ናት፤ የአገር ቤት ዘፈንና የቄስ ዜማ በጆሮዋ ገብቶ ያደገች። አሜሪካ ከገባች በኋላ ከቢል ላስዌል ጋር ተገናኘች። ሰውየው ቤዝ ጊታር ተጫዋችና አቀናባሪ ነው። ኸርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮህ ሳንደርስን የመሰሉ የአሜሪካ ጃዝ አውራዎች ተጠሩ። አልበሙን ያወጣው ድርጅት የክሪስ ብላክዌል ነበር፤ ያው ቦብ ማርሌይን ለዓለም ያስተዋወቀው ብላክዌል። «እንግዲህ ይኸ ሁሉ ባለሟል ከተሰበሰበ ለክራሩና ለዋሽንቱ ምን ቦታ ተረፈ? ሙዚቃው የእነሱ ነው፤ ከኛ የተዋሱት ድምፅዋን ብቻ ነው» ይላሉ ነቃፊዎቹ። ወግ ፈረሰ ነው ነገሩ።

ለመሆኑ የትኛው ወግ? አልበሙ በወጣበት ዘመን አገር ቤት በካሴት የሚሸጠው ዘፈን ባብዛኛው በኪቦርድና በኤሌክትሪክ ከበሮ የታጀበ ነበር። ከዚያ በፊት የነገሠው የነሐስ መሣሪያ ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ይዘውት መጡ። ዛሬ ያን ሳክስፎንና መለከት ስንሰማ «የጥንቱ፣ የኛው» እንላለን። ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎኑን ከጎጃም ገበያ አልሸመተውም። ስለዚህ መሣሪያው ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። እንግዳ ሆኖ የገባ ሁሉ ውሎ ሲያድር ባለቤት ሆኗል።

ደግሞም ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ የጂጂ አዘፋፈን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ድምፁን ስታጥፈውና ስታንቀጠቅጠው፣ ቃሉን ስትጎትትና በድንገት ስትለቀው ያው የአገር ቤት አንጎራጓሪ ናት። የተለወጠው ከሥር የተነጠፈው ነው። ላስዌል ዳብ የተባለውን የጃማይካ አሠራር የሚወድ ሰው ነው፤ በዳብ ደግሞ ቤዙ ወደ ፊት ይመጣል፣ ድምፁ በገደል ማሚቶ ይዘረዘራል። ድምፃዊቷ ከዘፈኖቹ አንዱን «ጉራማይሌ» ማለቷን ተመልከቱ። እኛ ቃሉን አማርኛና እንግሊዝኛ ለሚቀላቅል ሰው ስድብ አደረግነው። እናቶቻችን ግን ድዳቸውን በጉራማይሌ ሲነቀሱ ለጌጥ ነበር፤ ጥቁሩ ከቀዩ ጎን ሲውል ሁለቱም ይደምቃሉ። አልበሙ በተሳካበት ቦታ ልክ እንደዚያ ነው።

እስከዚህ ድረስ ከደጋፊዎቹ ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ ግን እለያለሁ። «ጃዞቹ ከተጫወቱበት ምን ጎደለው» የሚለው ሙግት ደካማ ነው። የአንድ ዘፈን ዋጋ በአጃቢው ዝና አይለካም። የኔ መለኪያ ሌላ ነው፦ ቃሉ ይሰማል ወይስ አይሰማም? የኒው ዮርኩ አድማጭ አማርኛ አያውቅም። ለእርሱ የጂጂ ድምፅ እንደ ሳክስፎኑ አንድ መሣሪያ ነው፤ ቢዋጥም ደስታው አይጎድልበትም። ለኛ ግን ድምፁ የሚናገረው ነገር አለ። በመክፈቻው በ«ጉድ ፈላ» ምቱ ከቃሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ እግር ይነሳል፣ ጆሮ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። «ዓድዋ» ላይ ተቃራኒውን እናገኛለን። አጃቢው ገለል ብሎ መንገድ ይለቅላታል፤ ስለ ሌላው ሰው የሞተውን ሰው ስታነሳ አንዲት ቃል አታመልጠንም። ሁለቱም ዘፈኖች በአንድ አልበም፣ በአንድ አቀናባሪ እጅ የተሠሩ ናቸው። ጥፋቱ ከመቀላቀሉ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በወደቁ ነበር።

ይህን ፍርድ የሚያጠናክሩ ሁለት ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥተዋል። አንደኛው «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ነው፤ ላስዌል ያንኑ የ2001 አልበም በዳብ መልክ እንደገና አቀናበረው። ድምፅዋ ተቆራርጦ እንደ ጭስ ይበተናል። ለሌሊት ማዳመጫ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ዘፈኖቹ ምን እንደሚሉ ከእርሱ የሚማር ሰው የለም። ሁለተኛው «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል የቡድን ስም የወጣው «ዛየን ሩትስ» ነው። በዚያ ክራሩ፣ ዋሽንቱና መሰንቆው ወደ ፊት መጡ፤ የሕንዱ ታብላም አብሯቸው አለ። ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። እንግዲህ እንግዳ መሣሪያ በራሱ ቃል እንደማይገድል እነሆ ማስረጃው።

አንባቢ «ይኸ ነገር ለጋምቤላ ምኗ ነው?» ይል ይሆናል። ብዙ ነው እንጂ! አማርኛ የክልላችን የሥራ ቋንቋ ነው፤ ሆኖም አኝዋው፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖውና ኮሞው ተማሪ አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ ነው። ብዙዎቻችን የአማርኛ ዘፈን የሰማነው ቃሉን ከመረዳታችን በፊት ነው። መጀመሪያ እንደ ኒው ዮርኩ ሰው በዜማው ብቻ ተደሰትን፤ ትምህርት ቤት ገብተን ቋንቋውን ስናውቅ ያው ዘፈን ሌላ ዘፈን ሆነብን። ሁለቱንም ወንበር ተቀምጠንባቸዋል። ቃል ሲጨመር ምን ያህል እንደሚጨመር የምናውቀው እኛ ነን፤ ሲዋጥ ምን እንደሚጠፋም እንዲሁ።

«አባይ» የተባለውን ዘፈን እንመልከት። ወንዙን እንደ ሰው ታናግረዋለች፤ ቤዙም እንደ ውኃ ከሥር ይሄዳል። በኔ አስተያየት የአልበሙ ቁንጮ እርሱ ነው፤ ቃልና ምት ሳይገፋፉ አብረው የሚጓዙበት። ከከተማችን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ባሮም ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ነው፤ ከፒቦር ጋር ሶባት ሆኖ ነጭ አባይ ይገባል፣ ካርቱም ላይ ከጂጂው አባይ ጋር ይገናኛል። ዘፈኑ ይህን አላነሳም፤ እንዲያነሳም አላስገድደውም። የቻግኒ ልጅ የምታውቀውን ወንዝ ዘፈነች፤ ባሮን የሚዘፍነው ባሮን የሚያውቅ ነው።

ስለዚህ ክርክራችን ወደዚህ ቢዞር እመርጣለሁ። አኝዋዎች ቶም የሚሉት መሣሪያ አለ፤ ምላሶቹ በእንጨት ሣጥን ላይ ተደርድረው በአውራ ጣት ይመታሉ። ነገ አንድ ልጅ ቶሙን ይዞ ስቱዲዮ ይገባል፤ ቤዝም ይጨምርበታል፣ ሳክስፎንም። ያን ጊዜ «ወግ ፈረሰ» ብለን ለመጮህ አንቸኩል። «የውጭ ሰው አጨበጨበለት» ብለንም አናጨብጭብ። አያቱ ቁጭ ብላ ስታዳምጠው ምን እንዳለ ተረድታለች ወይ? ያንን እንጠይቀው።