ዋስ የምትሆን ሴት

የሁለት ሴቶችን እህትማማችነት በልቦለድ ስጽፍ «እንደ እህቴ ነሽ» አላስብላቸውም፤ አንዷን ለሌላዋ ዋስ አደርጋታለሁ። እቁብ የጣለ ሰው ያውቀዋል፤ ዕጣው ቀድሞ የወጣላት ሴት ብሩን የምትወስደው ዋስ ጠርታ ነው። መክፈል ቢያቅታት የሚጠየቀው ዋሷ ነው።

ባሏ ጥሏት ለሄደ አንዲት የአራዳ እንጀራ ጋጋሪ ዕጣ ወጣላት እንበል። ዋስ የሆነቻት ጎረቤቷ ደግሞ ያላት ንብረት አንድ የልብስ ስፌት መኪና ብቻ ነው። ፈርማ ቤቷ ገብታ እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ታሪኩ እዚያ ጀመረ ማለት ነው። ምንም የማያስከፍል ደግነት አንባቢን አያሳምንም፤ እየፈራች የፈረመች ሴት ግን ብርታቷ ሳይነገርላት ይታያል።

ጸብም ያስፈልጋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ የነበረው የማዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ይህን አስተምሮኛል። አስቴር እመቤት፣ ሂሩት አገልጋይ ናቸው፤ እመቤቲቱ በልጅቷ ላይ ትጨክናለች። የጣሊያን ወረራ ሁለቱንም ወደ ጦር ሜዳ ያወጣቸዋል። ደራሲዋ ግን የቆየውን ቂም አላድበሰበሰችም፤ አብሮ መቆማቸው የሚከብደው ለዚህ ነው።

ዕርቁንም ቢሆን በንግግር አላበዛውም። የተኳረፈች ጎረቤት ልጇን ልካ «እማዬ ቡና ጠጪ ብላሻለች» ካስባለች፣ ይቅርታው ተጠይቋል። ደራሲ ከዚህ በላይ ከጨመረ ያበላሸዋል።

አራዳ በሥነ ጽሑፋችን ባዳ አይደለም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን የሌሊት ሴቶች እንደ ሙሉ ሰው አቅርቧቸዋል። የቀን ሥራቸውን፣ እቁባቸውንና የእርስ በርስ ዋስትናቸውን ግን ገና ጽፈን አልጠገብንም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ መንደሮች ሲፈርሱ፣ አንዷ ለሌላዋ ስትፈርም የኖሩ ጎረቤታሞች በየአቅጣጫው ተበትነዋል።

ስለዚህ ብዕር የያዛችሁ እህቶቼ፣ እናቶቻችሁንና አክስቶቻችሁን ጠይቁ፤ ማን ዋስ ሆናቸው? እነሱስ ለማን ፈረሙ? መልሱን ሳይረሳ ጻፉት።