ከኋላ የመጣችው ሯጭ

በሥነ ጽሑፋችን ሯጭ ሲነሣ ሜዳልያው አብሮ ይነሣል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ብዕራችን የፊተኛውን ሲያወድስ ኖሯል፤ ከኋላ የሚመጣውን ብዙ ሺህ ሕዝብ ግን እምብዛም አላየውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ የቀረበው «ብሪታኒ ማራቶን ትሮጣለች» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ዓይኑን የጣለው በዚህ በተረሳው ወገን ላይ ነው።

ደራሲውና አዘጋጁ ፖል ዳውንስ ኮላይዞ ከዚህ በፊት የሚታወቀው በጸሐፌ ተውኔትነት ነው። ታሪኩን የቀዳው በአንድ ቤት አብራው ትኖር ከነበረች ጓደኛው ሕይወት ሲሆን፣ ጂሊያን ቤል የምትጫወታት ብሪታኒ የኒውዮርክ ነዋሪ፣ ቀልድን እንደ ጋሻ የያዘች ወጣት ናት። ሐኪም ዘንድ የምትሄደው የሚያነቃቃ ኪኒን ለማጻፍ ነው፤ ሐኪሙ ግን ክብደትሽን ቀንሺ ይላታል። የስፖርት ማዘውተሪያው ክፍያ ከአቅሟ በላይ ስለሚሆንባት ወደ መንገዱ ትወጣለች። የመጀመሪያ ግቧ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ቀጣዩ መድረስ ብቻ ነው። ቆይቶ ማራቶን ታልማለች፤ የመግቢያው ዕጣ አይወጣላትም፤ በመጨረሻም ያለልክ ልምምድ የእግሯን አጥንት ይሰነጥቀዋል።

ፊልሙ ከተራ ማጽናኛ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሩጫ ስትከለከል መልካምነቷም አብሮ ይሸሻታል። ፊላዴልፊያ እኅቷ ዘንድ ሳለች፣ በእኅቷ ባል የልደት ግብዣ ላይ ሰክራ አንዲት ወፍራም ሴት በሰው ፊት ታዋርዳለች። ትናንት በእርሷ ላይ ይወረወር የነበረውን ንቀት ዛሬ ራሷ ትወረውረዋለች። የተጎዳ ሁሉ ሩኅሩኅ ይሆናል የሚለው ነባር የመድረክ ውሸት በዚህ ትዕይንት ይፈርሳል። እንዲህ ያለ ድፍረት ሰው ለማሳቅ በተነሣ ፊልም ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ነቀፌታችን ከዚያ በኋላ ባለው ጥድፊያ ላይ ነው። አጥንት እስኪጠግን መታገሥ፣ ሐኪም በፈቀደው ልክ መራመድ፣ በገዛ እግር ላይ የጠፋው እምነት ቀስ በቀስ ሲመለስ መጠበቅ፤ የድራማው እውነተኛ ግጭት ይህ ነበር። ባላጋራ የሌለው ግጭት ለጸሐፊ ይከብዳል፤ እንዲህ በችኮላ መዘለሉ ግን አያስመሰግንም። የሚዛኑም ነገር እንዲሁ ነው። ደራሲው ቁም ነገሩ ክብደት አይደለም ሊለን ይሻል፤ ዳሩ ግን ብሪታኒ በቀጠነች ቁጥር ዕድሏ ይቃናል። ቤል ራሷ ለሚናው 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ያህል መቀነሷ ሲታሰብ ቅራኔው ይጎላል።

የማራቶኑ ትዕይንት የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ2017 በተካሄደው እውነተኛው የኒውዮርክ ማራቶን ላይ ነው። በዚያው ውድድር የእኛው ሌሊሳ ዴሲሳ ሦስተኛ ወጥቷል፤ ይህ ካሜራ የመጣው ግን ለሌላ ነው። 42 ኪሎ ሜትሩ ሊያልቅ ሲቃረብ የብሪታኒ ጡንቻ ይሸመቀቅና ትቆማለች። ከመንገዱ ዳር የሚጮኹላት፣ ቀድሞ የዘረጉላትን እጅ እንደ ምጽዋት ቆጥራ በትዕቢት የመለሰችባቸው ጓደኞቿ ናቸው። አሁን ጩኸታቸውን ትቀበላለች። በዚህ ስፍራ ያለቀሰ ተመልካች ተታለለ አንልም።