የተቃጠለ ቤት ሥዕል

ባለፈው የሥነ ጽሑፍ ምሽታችን አንድ ወጣት በሰፈሩ የነበረውን ቡና ቤት በከሰል ሥሎ አምጥቶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ፈርሶ የቀረ ቤት መሣል ምን ይረባል?» ብሎ ጠየቀው፤ ልጁም ሥዕሉን ጠቅልሎ ወጣ። ያን ምሽት ዝም በማለቴ ስለቈጨኝ ዛሬ ይህን እጽፋለሁ።

በመምህራን ማሠልጠኛ ሳስተምር ለሰልጣኞቼ የማሳያት አንዲት የሥዕል ቅጂ ነበረችኝ፤ በመጽሐፍ ውስጥ ታጥፋ እስከዚህ ተከትላኛለች። ፈረንሳዊው ኤድጋር ዴጋ በ1876 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በዘይት ቀለም የሣለው «የሮቤር ለ ዲያብል ባሌት» ነው። ዋናው ሥዕል ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። መነሻው ማየርቤር የደረሰውና በ1831 ፓሪስ ላይ መታየት የጀመረ ኦፔራ ሲሆን፣ በሦስተኛው ገቢር በሕይወት ሳሉ ቃል ኪዳናቸውን ያፈረሱ መነኮሳይያት በጨረቃ ብርሃን ከመቃብር ተነሥተው ይጨፍራሉ።

በእጅ በምንገለብጠው ወረቀት ሥዕል ማተም አይቻለኝምና በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱልኝ። የሸራውን ታችኛ ክፍል የያዘው የወንዶች ጭንቅላት ነው፤ ጥቁር ኮት፣ ነጭ ኮሌታ፣ ጢም። ከሙዚቀኞቹ መካከል ባሱን የሚባለው ረጅም የእንጨት መሣሪያ ሽቅብ ወጥቶ የመድረኩን ብርሃን ይቈርጠዋል። መነኮሳይያቱ ከወዲያ እንደ ጭስ የሚወዛወዙ ነጫጭ ነገሮች ናቸው። አንድ ተመልካች መነጽር ዓይኑ ላይ ደግኗል፤ የሚያየው ግን መድረኩን አይደለም! ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ጨፋሪዎቹ ሙታን መሆናቸው አይገባውም፤ ይህን እንደ ጉድለት እቈጥረዋለሁ።

አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ ሠዓሊው መጥፎ ወንበር ደርሶት ነው» ብሎኝ ነበር። እኔም ስለ ቅንብር ብዙ ተናገርኩ። ዛሬ ቢሆን ሌላ እነግረው ነበር። በለ ፔለቲዬ መንገድ የነበረው ያ የኦፔራ ቤት በኦክቶበር 1873 ተቃጥሏል። በ1875 እጅግ ያማረ አዲስ ቤት ተከፍቷል። ዴጋ ይህንኑ ትዕይንት ቤቱ ሳይቃጠል በ1871 ሥሎት ነበር፤ ዘፋኙ ዣን ባቲስት ፎር ሌላ ሲያዘው ግን ወደ አዲሱ ቤት አልዞረም። አመድ የሆነውን አሮጌውን አስፍቶ ደገመው። እሳት የለበትም፣ ፍርስራሽ የለበትም፣ የልቅሶ ቀለም የለበትም። ያ መድረኩን ንቆ ወዲያ የሚያየው ዝንጉ ሰው እንኳ ከቦታው አልተነሣም።

ለጠያቂያችን መልሴ ይኸው ነው። ልጁን ግን በሌላ እነቅፈዋለሁ፤ ቡና ቤቱን ጠርጎ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ ሰዎቹን ሁሉ አስወጥቶ ነው የሣለው። ጠረጴዛው ላይ ክንዱን ተንተርሶ የሚያንቀላፋው የት ሄደ? በሒሳብ የሚጨቃጨቁትስ? ወረቀቱን ካልቀደደው እንደገና ይሞክር። እስከዚያ ቅጂዋ ለአንድ ሳምንት እርሱ ዘንድ ትሰንብት፤ በእጥፋቷ ላይ ሳስታለችና በጥንቃቄ ይያዝልኝ።