ሐዲድ ዘርጊውና ወታደሩ፤ በቫንኩቨር ስለ ቆመው ሐውልት
በካናዳ፥ በቫንኩቨር ከተማ፥ የቻይናውያን ሰፈር በሚባለው ክፍል፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. አንድ ሐውልት ተመርቋል። የሠራው አርተር ቼንግ ነው። «መካከል» የሚል ትርጓሜ ያለው የቻይና ፊደል በመሐል ቆሞ፥ በአንድ ጐኑ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ፥ በሌላው ጐኑ የ2ኛው የዓለም ጦርነት ወታደር በነሐስ ተቀርጸው ይታያሉ።

የሥራው ዋና ብልኀት ሁለቱን ሰዎች ጐን ለጐን ማቆሙ ነው። ለወታደር የሚቆም ሐውልት ብዙውን ጊዜ ጠመንጃንና ድልን ብቻ ያሳያል። ይህኛው ግን የወታደሩ ታሪክ ከጦር ሜዳ እንዳልጀመረ ይመሰክራል። ከ1881 እስከ 1885 በምዕራብ ካናዳ ተራሮች ሐዲድ ከዘረጉት ቻይናውያን ብዙዎቹ በናዳ፥ በፈንጂና በበሽታ አልቀዋል። ሐዲዱ በተፈጸመበት ዓመት ግን መንግሥት ወደ አገሩ በሚገባ ቻይናዊ ላይ የ50 ዶላር ግብር ጣለ፤ በ1903 ግብሩን ወደ 500 ዶላር ከፍ አደረገው፤ በ1923 በሩን ፈጽሞ ሊባል በሚችል አኳኋን ዘጋባቸው።

በ2ኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉት 600 ያህል ቻይናውያን ካናዳውያን ያደጉት በዚህ ሕግ ሥር ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተወለዱት፥ በተወለዱበት አገር የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። ከዘማቾቹ 150 ያህሉ በእስያ ግንባር ለምስጢር ሥራ በእንግሊዞች ተመለመሉ። በ1947 የማገጃው ሕግ ተሻረ፤ የመምረጥ መብትም ተመለሰ። በ1957 ከእነዚሁ ዘማቾች አንዱ፥ ዳግላስ ጁንግ፥ ከቻይናውያን ወገን የመጀመሪያው የካናዳ ፓርላማ አባል ሆነ።

ሐውልቱ የሚጐድለው እዚህ ላይ ነው። በመካከል የቆመው ፊደል ሁለቱን ሰዎች በሰላም ያስተካክላቸዋል፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለፈው የ62 ዓመት በደል በቅርጹ ውስጥ ሥፍራ አላገኘም። ስለዚህ ተመልካቹ «ሠሩ፥ ተዋጉ፥ ተከበሩ» የሚል ቀላል ታሪክ ይዞ ሊመለስ ይችላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ሠራተኛው መብቱን ያገኝ ዘንድ ይገባው ስለ ነበር፥ ከእርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ደሙን መያዣ አድርጎ ዜግነቱን ማስመስከር ባላስፈለገው ነበር።

ጀግናን ማክበር መልካም ነው። ነገር ግን መብት የጀግንነት ዋጋ ነው ከተባለ፥ ያልዘመተው ሽማግሌ፥ እናቲቱና ሕፃኑ ምን ሊከፍሉ ነው? ነሐሱ ያልተናገረውን ይህን ጥያቄ መናገር የመምህሩና የታሪክ ጸሐፊው ፈንታ ነው።